ጠበል የወሰደኝ ወንድሜ

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ቡሬ አጠገብ ወዳለው የአባቴ ቀዬ ተመለስኩ። ብዙ ዘመን ርቄ ኖሬያለሁ። ብቻዬን ተቀምጬ መጽሐፍ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳልና፣ ጎረቤቱ ሁሉ አብዳለች ብሎ ደመደመ። የታናሽ ወንድሜ የይርጋ ሚስት፣ "እትዬ፣ ጠበል ቢጠመቁ ምን ይጎዳዎታል?" አለችኝ።

"መጀመሪያ ለሐሜታችሁ ጠበል ፈልጉለት" አልኳት።

ይርጋን ግን አገሩ ሁሉ ያመሰግነዋል። ሲጸልይ ያድራል፤ ከሰው ጋር ማዕድ አይቀርብም፤ በእርሻ ወራት በሬዎቹን ጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ ጫካ ውስጥ ብቻውን ይውላል። "መንኗል፣ ታድሎ" ይሉታል። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት እኔም ታድሎ አልኩ።

በመጨረሻ እሱው ለምኖ፣ ክንዴን ይዞ ጠበል ወሰደኝ። ቄሱ ያን በረዶ የመሰለ ውኃ አፈሰሱብኝ። ስንመለስ ይርጋ መንገድ ላይ ቆመ። ግራ ቀኙን አይቶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"እታለም፣ ድምፆቹ አንቺን ተዉሽ?" አለኝ። "እኔን ስንት ጊዜ ተጠምቄም ሌሊቱን ሙሉ ይሰድቡኛል።"