ከተመዘገበ ነዋሪ ነው

እስከ ዛሬ የቀበሌ በር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። በደርግ ጊዜ ድሬ ዳዋ ሆስፒታል ውስጥ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። የነበረን የቀዶ ጥገና ሐኪም ወደ ጦር ግንባር ተወስዶ፣ በምትኩ ከቡልጋሪያ አንድ ተላከልን። ቪዛ አለው፣ የሥራ ፈቃድ አለው፤ ቢላዋ እንዳይነካ ግን ተከለከለ። የውጭ ዜጋ በሚኖርበት ቀበሌ ሳይመዘገብ ሥራ መጀመር አይችልም ተባለ።

የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ቤት የተሰጠው ከዚራ ሰፈር ነው። እዚያ ቀበሌ አንድ ቀን ሊቀመንበሩ የለም፣ አንድ ቀን ማህተሙ ተቆልፎበታል፣ ሌላ ቀን ደግሞ የውጭ ሰው እንዴት እንደሚመዘገብ ከበላይ እንጠይቅ ይሉናል። በሽተኛው ሆስፒታል ወረፋ ይዞ ያቃስታል፤ ሐኪሙ የቀበሌው በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ላቡን ይጠርጋል። ወደው አይስቁ!

አንድ ጠዋት የአባቴ ሆድ ተነፋ። ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ ነበር፤ ሕመም የማያወራ ሰው ያን ቀን ጮኸ። ሆስፒታል ሳደርሰው አንጀቱ ተጠምዝዟል፣ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ካልሆነ አይተርፍም አሉኝ። ሐኪሙን ይዤ ቀበሌው ሄድኩና ሊቀመንበሩ እግር ላይ ወደቅሁ። ተመለከተኝ፣ ማህተሙን አወጣ፣ መታልን። እጁን ሳምኩት።

ከግቢው ልንወጣ ስንል አብዮት ጠባቂው በሩን ዘጋው። የነዋሪዎች ስብሰባ ሊጀመር ነው። ሐኪም ነው፣ አባቴ እየሞተብኝ ነው ብዬ ለመንኩት።

«ወላሂ እህቴ፣ ትላንት የውጭ ሰው ነበር» አለኝ። «ዛሬ ተመዘገበ፣ ነዋሪ ነው። ነዋሪ ደግሞ ስብሰባ ሳያልቅ አይወጣም። አንቺ የማዶ ቀበሌ ነሽ፣ ሂጂ።»

ለእኔ ከፈተልኝ። ሊቀመንበሩን ከበሩ ሆኜ ብጠራው በእጁ ዝም በይ አለኝ። ሐኪሙ አንድ ቃል አማርኛ ሳይገባው አግዳሚ ላይ አስቀመጡት፤ ሰው ለመፈክር እጁን ሲያነሳ እሱም አነሳ። የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አቋርጬ ሆስፒታል ሮጥኩ፣ ኃላፊያችን ወደ ቀበሌው ስልክ እንዲደውል ለመንኩት። በቀበሌ ሥራ አልገባም አለኝ። ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱን ግን አልምረውም።

ሐኪሙ ስብሰባው ሲያልቅ እያለከለከ ደረሰ። አባቴ ቀድሞት ሄዷል። ሰውየው ጓንቱን ሳያጠልቅ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ የማጽናኛ ቃል እንኳ በቋንቋችን አያውቅም።

በማግስቱ ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሳለ ከእኛ ቀበሌ አንድ ሰው መጣ። ነፍስ ይማር አለና ንፍሮ ዘገነ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ የአባቴ ስም ከነዋሪዎች መዝገብ መሰረዙንና የስኳር ራሽን ካርዱን እንድመልስ ነገረኝ። ለዚህ ከበላይ እንጠይቅ ያለ ማንም የለም።