ኮሶ የሌለበት አገር

ባለፈው ወር የወንድሜ ልጅ ጋበዘችኝና ደሴ ሄድኩ። ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማር ሐኪም ናት፤ እሷና ጓደኞቿ ጥናታቸውን በሆስፒታሉ አዳራሽ የሚያቀርቡበት ቀን ነበር። ጡረተኛ ጤና መኮንን ነው ተብዬ ከፊት ተቀመጥኩ። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር "ናሙናውን ከመውሰዳችሁ በፊት ሰዎቹ መድኃኒት ወስደው እንደሆነ ጠይቃችኋል?" ሲሉ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። የወንድሜ ልጅ መልስ ነበራት። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የተባለውን ልብ ብዬ አልሰማሁም።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። ትምህርቴን ልጨርስ አንድ የመስክ ጥናት ብቻ ቀርቶኝ መካነ ሰላም ተመደብኩ። ከደሴ በጭነት መኪና የጉጉፍቱን ዳገት ስንወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ቢጫ ሆኗል። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለውን የመካነ ሰላም ሰው በአፉ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ያገኘ ሁሉ ሥጋ ይቆርጣል፣ ያውም ጥሬውን።

ጥናቴም ስለ ኮሶ ትል ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር ትሉን አያጣም፤ በየሁለት ወሩ መራራውን የኮሶ አበባ በጥብጦ መጠጣት እንደ ግብር የማይቀር ነገር ነው። "ኮሶ ጠጥቷል" ከተባለ ሰውየው ከቤት አይወጣም፤ ዳኛም ቢሆን ቀጠሮ ይለውጥለታል። ትሉ መብዛቱን ጥናቱ ካሳየ፣ ከዚህ ሁሉ የሚገላግል ክኒን ለወረዳው እንደሚላክ ተነግሮን ነበር።

የተከራየሁት እመት ዘነቡ ከሚባሉ ባልቴት ዘንድ ነው። ቀልደኛ ናቸው፤ ገና ሳልመረቅ "ዶክተር" ይሉኛል። ክኒኑን ከሁሉ አብልጠው የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። "በጠጣሁ ቁጥር ሁለት ቀን ከመደቤ አልነሣም። አላህ በእጅህ ያምጣው" ይሉኝ ነበር።

ጭቃ ሹሙ በገበያ ቀን፣ "በሳምንቱ የመንግሥት ሐኪሞች ዓይነ ምድራችሁን ስለሚመረምሩ ተዘጋጁ" ብሎ አስለፈፈ። ቀኑ ደረሰና ሰው ሁሉ በክብሪት ቀፎ እየያዘ መጣ። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ እኔ ኀፍረት መሰለኝ። በማይክሮስኮፕ ሳይ የወስፋት እንቁላል እንደ ጉድ ነው፤ የኮሶ ግን አንድም የለ። ገረመኝ፤ ቀጥሎ ደስ አለኝ። ወጣት ለማይገባው ነገር ምክንያት አያጣም፤ ከብቱ ከመንደር ርቆ፣ ሰው ከማይጸዳዳበት ስለሚሰማራ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሳቀርብ የማሳየውን ላምም በትልቅ ወረቀት ላይ ሣልኩ። ያቺ ላም እስከ ዛሬ ትዝ ትለኛለች፤ ውሻ ትመስል ነበር።

ጥናቱን ለማቅረብ አንድ ቀን ሲቀረኝ እመት ዘነቡ ሽሮ ይዘውልኝ ገቡ።

"እህ፣ ዶክተር፣ ምን አገኘህ?"

"የኮሶ ትል የለባችሁም።"

ከት ብለው ሳቁ። "ከየት ይምጣ? አገሩ ሁሉ ጠጥቶ ነው የመጣልህ! እኔም ወላሂ ቀኔ ሳይደርስ ጠጣሁ።"

"ለምን?"

"እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም እንዴ? የመንግሥት ሰው ሆዳችንን ሊያይ መጥቶ ቆሻሻ ይዘን እንጠብቀው?" አሉና ወጭቱን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉት። "ክኒኑስ መቼ ነው?"

"ይመጣል" አልኳቸው።

እውነቱን ከተናገርኩ ጥናቱ ይወድቃል፤ ዓመቱን እደግማለሁ። ቤት ደግሞ መመረቄን የሚጠብቁ እናትና አራት ታናናሾች ነበሩኝ።

በማግስቱ በጤና ጣቢያው ግቢ፣ ድንኳን ሥር አቀረብኩ። የአገር ሽማግሌዎች ተጋብዘዋል፤ እመት ዘነቡም ከሴቶቹ መካከል ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ፈረንጁ መምህራችን በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ፤ ሕዝቡ ከምርመራው በፊት ኮሶ ጠጥቶ ይሆን ወይ? እኔም በእንግሊዝኛ መለስኩ። አልጠጡም አልኩ። መምህሩ አጨበጨቡልኝ፤ ሌላውም ተከተለ። እመት ዘነቡ ከሁሉ አስበልጠው አጨበጨቡ።

ተመረቅሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥራ መካነ ሰላም ባድር ልጠይቃቸው ሄድኩ። በጣም ከስተዋል፤ ኮሶ ጠጥተው ተኝተው ነበር።

"ክኒኑ አልመጣም?"

"ለሌላ ወረዳ ሄደ አሉ። እኛማ ንጹሕ ናቸው ተብሎ ተጻፈልን! በአንተ እጅ አይደል እንዴ የኔ ልጅ? አልሐምዱሊላህ።"

"ታዲያ ለምን ይጠጣሉ?"

"አሁንማ በየወሩ አድርገነዋል። ንጹሕ ተብለን ተጽፈን እንዴት ብለን እንቆሽሽ?" ቀና ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። "አይዞዎት" አልኳቸውና ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው አክሜያለሁ፤ ያዳንኩትም አለ። በእሱ ልጽናና ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ደሴ ላይ፣ ከአዳራሹ ወጥተን ምሳ ስንበላ የወንድሜ ልጅ ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቀችኝ። ለሰው ተናግሬው የማላውቀውን ነገርኳት። እሷም መብላቷን ተወች።

"ሴትዮዋ በኋላ እውነቱን አወቁ፣ ጋሼ?"

"አላወቁም" አልኳት። "እንደኮሩ ሞቱ።"