ድምፅ የሚውጠው ፏፏቴ

ልጅ ሳለሁ ናዝሬት በነበረው ግቢያችን ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ከአጥራችን ማዶ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ይኖር ስለነበር፣ ወንጂ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር ስለ መጥፋቱ እንኳ ስናወራ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር፤ እኔማ ያኔ ሰው በየቤቱ የሚያወራው እንደዚያ በሹክሹክታ ይመስለኝ ነበር። ኦቦ ቱፋም ተረት የሚነግሩን በዚያው ድምፅ ነው። በግቢያችን ጥግ ባለችው ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከደራ በላይ ካለው ተራራ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ።

አመሻሽ ላይ ትንኝ እንዳይፈጀን እናቴ ደረቅ ኩበት ታጤሳለች። እሳቸው ከጭሱ አጠገብ በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ዓይናችን እያለቀሰም ቢሆን እንጠጋቸዋለን። ፋኖሱ ከታች ሲያበራባቸው ከፊታቸው አፍንጫቸው ጎልቶ ይታያል፤ ታደሰ «ተረቱን የሚያወራው አፍንጫቸው ነው» እያለ ያስቀኝ ነበር። እሱ ያኔ ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ነው፣ የተረት ዕድሜው አልፏል፤ ግን አንድም ምሽት ቀርቶ አያውቅም።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ስሙኝማ» ብለው ይጀምራሉ። ከሁሉ የምንወደው የፏፏቴውን ነበር። ፈረንጁም ሹሙም ሶደሬ ወርዶ ሲዋኝ ይውላል እንጂ ይሄን ፏፏቴ የሚያውቅ የለም፤ ከደራ በላይ፣ ደኑ መሃል፣ መንገድ በሌለበት ነው የሚወርደው። ድሮ አንዲት ሙሽራ ነበረች። በአገሩ ወግ የአማቷን ስም መጥራት ነውር ስለሆነ፣ በፊታቸውም ቀና ብላ መናገር ስለማይፈቀድላት፣ የሆዷን ይዛ ይዛ ልትፈነዳ ስትደርስ እንስራዋን አዝላ ፏፏቴው ሥር ትሄድና ስማቸውን ደጋግማ እየጠራች ያሻትን ትሳደባለች። ውሃው ድምፅ ስለሚውጥ አጠገቧ የቆመ ሰው እንኳ አይሰማትም። እዚህ ላይ ሲደርሱ ኦቦ ቱፋ አጥሩን ገልመጥ አድርገው «እዚያ ሰው ያሻውን ይላል» ይሉና ይስቃሉ፤ እናቴም ከጓዳ ሆና ስትስቅ እሰማታለሁ። እኔ ደግሞ እዚያ ብሄድ ምን ብዬ እንደምጮህ እያሰብኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሰፈራችን ደረሰ። ጎረምሶች ከኳስ ሜዳና ከሲኒማ በር እየታፈሱ፣ በመኪና እየተጫኑ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ፤ ከሄዱ በኋላ የት እንዳሉ እንኳ የሚናገር የለም። አባታችን ከሞተ ወዲህ የእናቴ አለኝታ ታደሰ ብቻ ነበር። አንድ ምሽት ተረቱ ሊጀመር ሲል ከጓዳ ወጣችና እጇን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ኦቦ ቱፋ፣ እውነትዎን ይንገሩኝ፤ ያ ፏፏቴ አለ?» አለቻቸው።

ሽማግሌው «ሙሽራዋን እንጃ፤ ውሃው ግን አለ» አሉ።

በማግስቱ ለቅሶ የምንሄድ መስለን ተነሳን። እናቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ኬላው ላይ አንድ ወታደር ታደሰን ከአውቶቡስ ሊያስወርደው ክንዱን ከያዘው በኋላ ነጠላዋን አይቶ «ነፍስ ይማር» አለና ለቀቀው። ደራ ወርደን ተራራውን ተያያዝነው። ደኑ ውስጥ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ኦቦ ቱፋ ቅርንጫፉን በዱላቸው እየገፉ ከፊት፣ እኛ እሾህ እየቧጨረን፣ እርጥቡ ቅጠል እያንሸራተተን ከኋላ። የውሃው ድምፅ መጀመሪያ ዳገት የሚወጣ ከባድ መኪና ይመስል ነበር፤ ስንቀርብ ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ጀመር። ሥሩ ዋሻ ነበር። ታደሰ ገና እንደደረስን አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ጮኸ፤ አልሰማሁትም፤ በኋላ ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ ሲነግረኝ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ነበር የሰደበው። እኔም ጮህኩ። እናቴ እንኳ ጮኸች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ታደሰን ዋሻው ውስጥ ደብቀን፣ ለአንድ ሰሞን የሚበቃ በሶና ቆሎ ትተንለት ተመለስን። ቀጥሎ ስንቅ የወሰድንለት እኔና ኦቦ ቱፋ ብቻ ነን፤ እናቴን ቀበሌው «ልጅሽን አምጪ» እያለ ይጠራት ስለነበር ቤት ቀረች። ውሃው ከሚወድቅበት አፋፍ ስንደርስ ጭስ አየሁ። ታደሰ የውሃው ፍንጣቂ ያበሰበሰውን ልብሱን ሊያደርቅ እሳት አንድዷል፤ የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎችም ጭሱን አይተው ከማዶ በኩል እየወረዱ ነበር። ያን ሁሉ ምሽት ጭስ አጠገብ ተቀምጠን ተረቱን ስንሰማ፣ ጭስ ከሩቅ ይታያል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ጆሮ ስንፈራ ኖረን ዓይን መኖሩን ረስተነው ነበር።

ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶን ሸሚዙን እሳቱ ላይ ዘርግቶ ይዟል። ጮህኩ። ኦቦ ቱፋም፣ ከሹክሹክታ በቀር ሌላ ድምፅ ሰምቼባቸው የማላውቀው ሰውዬ፣ ዱላቸውን ጥለው ባላቸው አቅም ጮኹ፤ አጠገባቸው ቆሜ አልሰማኋቸውም። ድንጋይ ወረወርኩ፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ቀረ። ቁልቁለቱን ልሮጥ ስል ቀሚሴን ይዘው አስቀሩኝ። ሲደርሱበት፣ እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት፣ ሁሉንም ከላይ ሆነን አየን፤ ምንም ማድረግ አልቻልንም። ሊወስዱት ሲሉ ታደሰ ቀና ብሎ አየንና አፉ ተንቀሳቀሰ። አንድ ነገር አለን። ከዚያ ዛፎቹ ሸፈኑት።

እናቴ ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ የጠየቀችው «ምን አለ?» ብላ ብቻ ነው። ኦቦ ቱፋን አየኋቸው። ለጅቡም፣ ለጦጣዋም፣ ለሙሽራዋም ቃል አጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ለእናቴም አንዲት ቃል ቢፈጥሩላት ብዬ ለመንኳቸው በልቤ። «ውሃው አላሰማንም፣ ልጄ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ ተረት አልነገሩንም፤ ኩበቱ ይጤሳል፣ እኛም ጭሱ አጠገብ እንቀመጣለን። ታደሰ አልተመለሰም። እናቴ ያችን ነጠላ እያነሳች «ገና በቁሙ አዘቀዘቅኩበት» ትል ነበር።

አሁን ከእነዚያ ተረቶች አብዛኛው ጠፍቶብኛል፤ የቀረኝ ያ የወንድሜ አፍ ነው። ደርግ ወድቆ፣ ከአጥሩ ማዶ የነበረው ሰውዬ አገር ለቆ፣ ጮክ ብሎ ማውራት ከተቻለም በኋላ፣ እናቴ እስክትሞት ድረስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አፉን እንዴት ነበር ያደረገው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ከፊቷ ቁጭ ብዬ ከንፈሬን ያለ ድምፅ አንቀሳቅስላታለሁ። ጠጋ ብላ ታየኛለች። «እስቲ ድገሚው» ትለኛለች፤ እደግምላታለሁ።