የጠይምን ደም ይዤ አዲስ አበባ

ከቤት የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ያስወጣኝም የጠይም ነገር ነው። ጠይም ግመሌ ናት፣ ልትወልድ ተቃርባለች። የልጄ ልጅ ሐሊማ የግመል ፈንጣጣ የሚጠናበት ላብራቶሪ ትሠራለች። በሽታውን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚሉት ነገር ደም ውስጥ ይፈጠራል ብለው፣ ባለፈው ወር ጠይምን አንገቷ ላይ ግራና ቀኝ ክትባት ወጓት። ትናንት ማታ የሰፈራችን የእንስሳት ሐኪም ደሟን ቀዳ። ሊወስደው የነበረው መኪናቸው ተበላሽቶ ስለቀረ እኔው ላድርሰው አልኩ። ደግሞም ፊት ለፊት የምነግራቸው ነገር አለኝ። ይህ ባይበቃቸውም፣ ከነእርግዝናዋ ሁለተኛ አትቀዳም። በስልክ ብናገር ይለማመጡኛል።

ሸዋ ሮቢት

በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ። ሙቀቱ ገና በማለዳው አናት ይበሳል። በረዶ የሞላውን ሣጥን ጭኔ ላይ አድርጌ አውቶብሱ ውስጥ ተቀመጥኩ። ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው ሲለኝ፣ እንግዲያው እኔንም አብረህ ጫነኝ አልኩት። አጠገቤ ያለችው ሴት ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ። ደም ነው አልኳት። ቢስሚላህ ብላ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። እግሬን ዘርግቼ ተጓዝኩ።

ደብረ ሲና፣ ጣርማበር

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ጠየቅሁ። ዋጋውን ስሰማ ይህ ቆሎ ነው ወይስ ወርቅ አልኳት ሻጯን።

«ጥርስ ካለዎት ይግዙ፣ ከሌለዎት አያድክሙኝ» አለችኝ። ገዛሁ።

የጣርማበርን ዋሻ ስናልፍ ጭጋጉ መስኮቱን ሸፈነው። የቆላ ሰው ነኝ፣ ብርዱ ጉልበቴን ያዘኝ። ኬላው ላይ ወታደሩ ሣጥኑን አስከፈተኝ። የግመል ደም መሆኑን ብነግረው ደሙንም እኔንም አየና፣ «ይሂዱ አባት» አለኝ።

አዲስ አበባ

ሐሊማ ላምበረት መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ጉልበቴን ሳመች፣ ከዚያ በፊት ግን በረዶውን ነው የዳሰሰችው።

ላብራቶሪው ውስጥ ደሙን በማሽን አሽከረከሩት። ቀዩ ወደ ታች ወረደ፣ ቢጫ ውሃ ከላይ ቀረ። በውሃው ላይ ከአሸዋ የደቀቁ ፍሬዎች ጨመሩበት። የሚፈለገው አንቲቦዲ ብቻ ፍሬዎቹ ላይ ይጣበቃል። ፍሬዎቹን በማግኔት ወደ ጎን ይስቡና ሌላውን አጥበው ይደፉታል፣ በኋላም የተጣበቀውን በኮምጣጣ ውሃ ያላቅቁታል። ድሮ ቀናት ይፈጅ የነበረውን አሁን በግማሽ ቀን አደረስነው አለች ሐሊማ፣ ደስ ብሏት።

ሲመሽ ግን የወጣው አንቲቦዲ ጥቂት ነው። ወደ እኔ ዞራ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ የተወጋችበት የአንገቷ እብጠት እንዴት ሆነ?»

«የቀኙን ተኮስኩት።»

«በምን?»

«በብረት ነዋ። በምን ሊተኮስ ኖሯል?»

እኛ ዘንድ ያበጠ ይተኮሳል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። የግራውን ደግሞ ነገ እንዲተኩሰው ለልጄ ለሰይድ ነግሬው ነው የመጣሁት። ይህንን ስነግራት ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

«አባዬ፣ እብጠቱ በሽታ አይደለም። ሰውነቷ ፈንጣጣውን ለይቶ አንቲቦዲ የሚሠራበት ቦታ ነው። ሥራ ላይ ነበረች።»

የወጋት ሰውዬ ይህን መቼ ነገረኝ አልኳት። እውነትዎን ነው አለች።

አለቃዋ፣ አንድ ባለመነጽር ጎልማሳ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እንቅዳ አለ። ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሜ ያመጣሁትን እምቢታ ልናገር አፌን ስከፍት ሐሊማ ቀደመችኝ።

«እስክትወልድ አትነካም። የማጣራቱን ሥራ አፋጠንን፣ እሷን ግን ማፋጠን አንችልም።»

ሰውዬው እሺ ብሎ ቀጠሮውን ሰረዘ። የእኔን ቃል እሷ ጨረሰችው።

መመለሻ

የሰይድ ስልክ አልሠራ አለ፣ የግጦሹ ቦታ ኔትወርክ የለውም። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶብስ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ በየመንገዱ ይቆማል፣ ሰውም ይወርዳል፣ ይወጣል። ብናገረው መኪናው ያንተ ነው ወይ አለኝ። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ወገቤ አልዘረጋ አለ።

ቤት ስደርስ ጠይም ታስራ ተንበርክካለች። ብረቱ እሳት ውስጥ ቀልቷል።

«ብረቱን ጣለው» አልኩት ሰይድን።

«አባ፣ ተኩስ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?»

«እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ተው እያልኩህ ነው።»

«እብጠቱስ?»

ያየሁትን ሁሉ የማስረዳበት ትንፋሽ አልነበረኝም። ከዚያ ሁሉ መንገድ የተማርኩት ይችን ታህል ነው። የላብራቶሪው ሰዎች ከወለደች በኋላ ይምጡ፣ ገመዷን ራሴ እይዝላቸዋለሁ።

«ሥራ ላይ ናት፣ ተዋት» አልኩትና ባዶው ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።