አቧራ መቀበያው ላይ የተዘረጋው ጥላ

ሐሙስ፣ ንጋት — ደብረ ታቦር

ከደብረ ታቦር ስንነሣ ዶሮው ገና ጩኸቱን አልጨረሰም። ሾፌሩ ጋሻው የመኪናውን መስታወት በአሮጌ ጋዜጣ ይወለውላል። እኔ በኋላ ወንበር ላይ ያሰርኳቸውን ነጭ የፕላስቲክ ዕቃዎች እፈትሻለሁ።

«ዛሬም አቧራ ለቀማ ነው?»

«አዎ።»

«መኪናዬ ላይ ያለው አይበቃሽም?»

ይህን ቀልድ አምናም ነግሮኛል፤ አምናም አልሳቅኩም።

ሥራዬን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ሰው በማይኖርበት፣ ፋብሪካ በሌለበት የምድር ዋልታ በረዶ ውስጥ እርሳስና ዚንክ ይገኛል። ተሸክሞ የወሰደው ነፋስ ነው። ከየት አነሣው? ከነዳጅ ጭስ ነው፣ ከብረት ማቅለጫ ነው ወይስ ከተራ አፈር? እርሳስ እንደ ወጣበት ምድር ጠባዩ ይለያያል፤ ስለዚህ ምንጩን የሚፈልጉ ሰዎች የየአገሩን አቧራ አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። ከብት የጠፋበት ሰው የጎረቤቱን ከብት ኮቴ ሳይቀር እንደሚለየው ነው። የጋይንት አቧራ እስከዚያ በረዶ መድረሱን አላውቅም፤ ምናልባት አይደርስም። «አይደርስም» ለማለትም ግን አቧራውን ማወቅ ይጠይቃል።

አፈር ከመሬት መዛቅማ ቀላል ነበር። የሚፈለገው ነፋስ ራሱ አንሥቶ የጣለው ነው። ለዚህ ነው አምና በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት አፋቸው ወደ ሰማይ የተከፈተ ዕቃዎችን እንጨት ላይ አስሬ የሄድኩት። አሁን ልሰበስባቸው ነው። አብረውኝ የሚሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ቁርጡን ነግረውኛል፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ንጹሕ ሆኖ ካልተገኘ ሥራው ወደ ሌላ አገር ተራራ ይዛወራል።

ሐሙስ፣ ረፋድ — እስቴ

መንገዱ ጠጠር ነው፤ ባሕር ዛፍ፣ የታረሰ መሬት፣ እንደገና ባሕር ዛፍ። ዝናብ ስለዘገየ ገበሬው ደረቁን መሬት እያረሰ ነው፤ ከበሬዎቹ ኋላ ትቢያው ይነሣል። እኔ ደስ ይለኛል፣ ገበሬው ግን ሰማዩን ያያል።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ስንደርስ ጋሻውን ከነፋሱ በታች፣ ራቅ አድርጎ እንዲያቆም ነገርኩት፤ የመኪና ጭስ ዕቃው ውስጥ መግባት የለበትም። የጆሮ ጌጤንና ቀለበቴን አውልቄ የፕላስቲክ ጓንት አጠለቅሁ። ዕቃው ያለው አንድ መምህር ቤት ጓሮ ነው። ገና በሩን ሳልገባ ከአጥሩ ማዶ ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ። የብየዳ ቤት ተከፍቷል።

«ከጥር ጀምሮ ነው» አለኝ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ። «ደውዬ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ሰውየው እንጀራው ነው፣ ሂድ ልለው አልችልም።»

እኔም ሂድ ልለው አልችልም። በዕቃው ግርጌ ያለው ጥቁር ደቃቅ የበርና የመስኮት ፍርፋሪ ነው። የመምህሩ ሚስት ሳትበሉ አትሄዱም ብላ ጥብስ አቀረበች፤ በላን።

ሐሙስ፣ አመሻሽ — ወገዳ፣ ስማዳ

ስለ ስማዳ መንገድ የሰማችሁት ሁሉ እውነት ነው። ጋሻው በየጉድባው «ወይ ስማዳ!» ይላል፣ መልስ ግን አይጠብቅም። ወገዳ መግቢያ ላይ መንገድ ሲጠገን ነበርና ዕቃችን ያለበት ትምህርት ቤት አጠገብ የተደፋው ጠጠር እንደ ጉብታ ቆሟል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በኩራት ነው የተቀበለኝ።

«ጢም ብሎልሻል!»

እውነቱን ነው፤ ዕቃው በገልባጭ መኪና አቧራ እስከ አንገቱ ሞልቷል። አመሰገንኩት፤ ሌላ ምን ይባላል? ማታ ቡና ቤት ተቀምጠን ጋሻው «እንግዲህ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ቀረችሽ» አለኝ።

ዓርብ — አርብ ገበያ

የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ በስሟ ቀን ለመኪና አትመችም። አህያው፣ በጉ፣ የጤፍ ጆንያው፣ ዶሮ ቁልቁል የያዘው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ክላክስ የሚሰማ የለም። ጋሻው ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ሽንኩርት ገዛ፤ እኔም በእግሬ ዞርኩ። አንዲት ነጋዴ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ዘርግታለች፦ ጧፍ፣ መቋሚያ፣ ዙሪያው የሚያብለጨልጭ የከፋይ ጥላ። ዘርፉን በጣቴ ብነካው ቀጭን የናስ ክር ጣቴ ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ከዕቃዬ አጠገብ አያድርስ ብዬ ለራሴ ሳቅኩ።

ቅዳሜ — ቤተ ልሔም

መኪናውን ከታች ትተን በእግር ወጣን። ጋሻው «እስቴ ላይ እንደ ውሻ ከደጅ አስቀረሽኝ፤ ዛሬስ እገባለሁ» ብሎ ተከተለኝ። ከጎጆዎቹ የተማሪዎች ዜማ ይሰማል፤ አንዱ ይስታል፣ ሌላው ያርመዋል። ዕቃዬን አምና አደራ የተቀበሉኝ የዜማ መምህሩ መሪጌታ ጥበቡ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ።

«እንኳን ደኅና መጣሽ ልጄ። አደራሽን በክብር ነው የያዝነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ መሪጌታ» አልኩና ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጀርባ ወዳለው ገላጣ ዞርኩ።

ዕቃዬ በቦታው ቆሟል። በላዩ ላይ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ሐምራዊ የከፋይ ጥላ ተዘርግቷል። ፀሐይ በልቶታል፤ እጀታው ከእንጨቱ ጋር በጠፍር ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

«ይህ ምንድን ነው?» ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ።

«ስለት ነዋ» አሉ መሪጌታ። «ስለት ሲገባ እንዴት እከለክላለሁ?»

«መቼ ነው የተዘረጋው?»

«አንቺ ከሄድሽ ወር ሳይሞላ።»

ንዴቴን አልደብቅም። ለአንድ ዓመት ወደ ሰማይ እንዲያይ የተከልኩት ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ከጥላ ሥር ከርሟል። ጋሻው ሊስቅ ብሎ ፊቴን ሲያይ ተወው።

ስለቱን ያገባችው ሴት ተጠርታ መጣች። ወይዘሮ ያልጋነሽ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው። እጃቸው ላይ የዱቄት ብናኝ አለ። አንገቴን ስመውኝ ሲያበቁ ለምን ጥላውን እዚህ እንደሰጡ ጠየቅኋቸው።

«አንቺው አይደለሽ ያልሽ?» አሉኝ ተገርመው። «ይህ ዕቃ ነፋስ ከሩቅ አገር የሚያመጣውን ይቀበላል ብለሽ ለመሪጌታ ስትነግሪ አጥር ሥር ቆሜ ሰማሁ። እኔም ከሩቅ የምጠብቅ ነበረኝ። ልጄ አረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ዘመን ሆኖት ነበር። ትኑር ትሙት አላውቅም። እዚሁ ቆሜ፣ አምላኬ፣ ድምጿን ብታሰማኝ ጥላ አገባለሁ ብዬ ተሳልሁ። ሳምንት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት።»

ቀና ብዬ ጥላውን አየሁት። መሪጌታም መሬት መሬት ያያሉ።

«ገንዘብ ላከችልኝ። ከአርብ ገበያ ጥላውን ገዛሁ። እዚሁ ነው የተሳልሁ፤ ዕቃውም ፀሐይና ዝናብ ሲወርድበት ማየት ከበደኝ።»

ጥላውን ማንሣት የሚከለክል ሕግ እንዳለ መሪጌታን ጠየቅኋቸው። «ስለቱ ለታቦቱ ነው እንጂ ለዕቃው አይደለም» አሉ። «ሰጪዋ ካለች ይነሣና ወደ ዕቃ ቤት ይገባል።»

ወይዘሮ ያልጋነሽ ጠፍሩን ሊፈቱ እጃቸውን ሰደዱ፤ ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ባነሣው… ድምጿ ተመልሶ ይጠፋ ይሆን?»

«የሰማሽ አምላክ ነው፤ ዕቃው አይደለም» አሏቸው መሪጌታ በለስላሳ ድምፅ።

«እሱስ አውቃለሁ አባቴ» አሉ። እጃቸው ግን አልተነቃነቀም።

ሳይንስ እዚህ ላይ ምን እንደሚል አላውቅም። እኔ ግን እጃቸውን ከቋጠሮው ላይ አነሣሁና «ይቆይ» አልኳቸው። የከረመውን ዕቃ ክዳኑን ዘግቼ ወሰድኩ፤ እንጨቱንና ጥላውን እንደነበሩ ተውኳቸው። አዲስ ዕቃ ደግሞ ከቅጥሩ ውጭ፣ ዛፍ በሌለበት ተረተር ላይ ተከልኩ። የውጭ አገር ሰዎቹ ሥራውን አንሥተው ቢሄዱም ይቁም ብዬ ነው። ወይዘሮ ያልጋነሽ እስከዚያ ድረስ ተከትለውኝ መጡ።

«ለዚህስ ክዳን አያሻውም?»

«አያሻውም እማማ። ከላዩ ምንም እንዳይኖር ነው የምፈልገው።»

አዲሱን ዕቃ ዞረው አዩት። «እንግዲያስ ላንቺ ደግሞ ሰማዩን እኔ እጠብቅልሻለሁ» አሉኝ። «ጥላ ይዞ የመጣውን ሁሉ ወደዚያኛው እልከዋለሁ።»

እሑድ — ደብረ ታቦር

ለውጭ አገር ሰዎቹ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩላቸው፤ አንድ ዓመት ይጨምሩልኝ ብዬም ለመንኩ። መልሱ ገና አልመጣም፤ ተስፋዬም ብዙ አይደለም።

ጋሻው የቤተ ልሔሙን ዕቃ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። አቧራ የለበትም፣ ግርጌው ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ከጥላው ዘርፍ የረገፉ ጥቂት የናስ ክሮች ብቻ ያብለጨልጫሉ።

«ይኸ ከየት መጣ ትያለሽ?»

አሰብኩት። ልጅቷ በሰው አገር ለፍታ ላከች፤ እናቷ በላከችው ጥላ ገዛች፤ ጥላው ዕቃው ውስጥ ረገፈ። በዚህ ሥራ ላይ ከገባሁ ጀምሮ ምንጩን ያለ ጥርጥር ያወቅሁት ብረት ይህ ብቻ ነው።

«ከሩቅ አገር ነው» አልኩት።