ጌጫ ላይ የለካሁት ሙቀት

ላፕቶፕ ከጎኑ ትኩስ አየር ሲተነፍስብኝ ዛሬም እጄን እሰበስባለሁ። ባለፈው ሳምንት ሚዛን ተፈሪ ቢሮዬ ውስጥ ማሽኑ ማጓራት ሲጀምር የጋለ ፕላስቲክ ሽታ መጣና ሥራዬን አቋረጥኩ። «ምን ሆንክ?» አሉኝ ባልደረቦቼ። «ምንም» አልኩ። ለአንተ ግን ልንገርህ።

ያኔ እዚሁ ሚዛን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪ ነበርኩ። ለክረምት ጌጫ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ስመለስ፣ አብሮ አደግ ጓደኛዬ አዲስ ላፕቶፕ ይዞ ጠበቀኝ። ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው እህቱ ናት የላከችለት። ጓደኛዬ ሐሳቡ ሩቅ ነበር፤ ቴፒ፣ ከአጎቱ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ጌም ቤት ይከፍታል፣ ሥራው ሲይዝለት እህቱን ከሰው ቤት ያወጣታል። እናታቸው እሑድ ከጸሎት ቤት ስትመለስ «ልጄ መቼ ነው የምትመጣልኝ?» ትላለች። እሱም «ጌም ቤቱ ይከፈት እንጂ ቅርብ ነው፣ እማዬ» ይላታል።

ችግሩ፣ የእግር ኳሱ ጌም ይንቀረፈፍ ነበር። ኳሷ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ስትሄድ መሀል ላይ ትጠፋለች። «በዚህ ዓይነት ማን ልጅ ይመጣልኛል?» አለ ጓደኛዬ። እኔ ደግሞ ከግቢ በፍላሽ ያመጣኋት ሶፍትዌር ነበረችኝ፤ የግራፊክስ ካርዱን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ የምታስሮጥ። «ለእኔ ተወው» አልኩት አፌን ሞልቼ።

እውነት ለመናገር ጥንቃቄዬ ለጉድ ነበር። ከሥሩ አየር እንዲገባው ላፕቶፑን ሁለት ጣውላ ላይ አስቀመጥነው። ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ፣ እንጫወታለን፣ ሙቀቱን አያለሁ። ስክሪኑ ላይ ካርዱ ከአቅሙ በላይ እንደሆነበት የሚያሳየው ባለቀለም ነጠብጣብ ብቅ ካለ ወደ ኋላ እመልሳለሁ። ቮልቴጁን ጨርሶ አልነካሁም። ጓደኛዬ ትዕግሥቱ አልቆ «አንተ ሰው፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልክ ክረምቱ ሊያልቅ ነው እኮ!» ይለኛል። ውጭ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኛ በጃኬት ላይ ጋቢ ደርበን ከላፕቶፑ በሚወጣው አየር እጃችንን እናሞቃለን። ሙቀቱ አንዴም ከልኩ አላለፈም። በመጨረሻ ኳሷ እንደ ልባችን መሮጥ ጀመረች። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ያ ፍጥነት በራሱ እንዲነሳ አድርጌ አስረከብኩት። ጓደኛዬ አቀፈኝ፤ እኔም እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አየህ፣ ሁሉንም ለክቻለሁ፤ የለካሁት ግን ጌጫ ብርድ ውስጥ ነው። ቴፒ ቆላ ነው። በጋ ላይ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የዛፍ ጥላ የሚፈልግበት አገር ነው። ያቺ ክፍል ደግሞ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ መስኮቷ ጠባብ፣ ልጆች ተጠቅጥቀው የሚቀመጡባት ነበረች። ይህ እንዴት እንዳልታየኝ ዛሬም ይገርመኛል።

በጋው ሲገባ፣ ቴፒ ጌም ቤቱን ከፍቶ የነበረው ጓደኛዬ ላፕቶፑን በፌስታል ይዞ ሚዛን ድረስ መጣ። ስክሪኑ መስመር በመስመር ሆኖ ጠቁሮበት፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ «ግራፊክሱ ተቃጥሏል፣ አይድንም» ብሎታል። ክው አልኩ። ምክንያቱ ወዲያው ነው የገባኝ።

እሱ ግን መሬት መሬት እያየ «ይቅርታ አድርግልኝ» አለኝ። «አንተ ያን ያህል ለፍተህ አስተካክለህ ሰጠኸኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ እያስጫወትኩ አቃጠልኩት።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ስንት ቃል ነው? እኔ ግን «አይዞህ፣ ዕቃ ነው» አልኩት።

እህቱ ስትደውል ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ፤ «አንተ የተማርክ ነህ፣ አስረዳልኝ» ብሎ። እኔም እሱን ያዳንኩት መስሎኝ «ወንድምሽ አላጠፋም፤ ዕቃው ሲገዛም ጉድለት ነበረበት» አልኳት።

«አይ እኔ! ዕቃ መምረጥ መች አውቃለሁ፤ አታለውኝ ነው» አለች። ቀጥላም «ወንድሜን እንዳይከፋው አደራ። ዘንድሮ ልመጣ ነበር፤ ግድ የለም፣ ጥቂት ልቆይና ደህናውን እልክለታለሁ» አለችኝ።

ስልኩን ስመልስለት ጓደኛዬ «ምን አለችህ?» አለኝ።

«አይዞህ ብላሃለች።»

እህቱ ቆየች። እናታቸው ልጇን ሳታይ አረፈች።

ለቅሶ ልደርስ ጌጫ ስሄድ ጓደኛዬ ከድንኳኑ ውስጥ ተነስቶ ተቀበለኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ለሽማግሌዎቹም «ይሄ ወንድሜ ነው፤ ያኔ ላፕቶፑ ሲቃጠልብኝ እህቴን አናግሮ ያረጋጋልኝ እሱ ነው» አላቸው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።