ፀሐይ የሳበችው ውኃ

ዛሬ መተማ፣ ሽንፋ ባለው እርሻችን ላይ ውኃው ከቧንቧው ቡልቅ ሲል ሁላችንም ጮኽን!

አምና ውኃ የሚስብልን ጀነሬተር ተበላሽቶ ሰሊጥ አጫጆቹ የወንዝ ውኃ ጠጥተው ታመውብን ነበር። ዘንድሮ ጉድጓዱ ላይ በሶላር የሚሠራ ፓምፕ አስተከልን።

ለሠራተኞቹ ምግብ የሚያበስሉት እትዬ ዘነቡ ግን አላመኑም። "ጀነሬተር ሳይጮህ ውኃ ከየት ይመጣል?" ሲሉኝ ሰነበቱ።

ዛሬ ውኃው ሲወጣ በእጃቸው ቀድተው ቀመሱት።

"ይችው የምታቃጥለን ፀሐይ ናት የሳበችው?"

"አዎ እትዬ፣ እሷው ናት።"

"እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ አልሰድባትም!" ብለው አሳቁን።

(እኔ ግን ቃል አልገባሁም፤ የመተማን ፀሐይ ስምንት ሰዓት ላይ ያየ ያውቃታል።)

ነገ አጨዳ እንጀምራለን። በርሜሎቹ ሞልተዋል፤ እኔም እፎይ ብያለሁ።

እናንተስ ሶላር ስታስገቡ ከቤታችሁ አላምንም ያለው ማን ነበር? እስኪ አጫውቱኝ።